ጓድ፣ ጉድ እና የምንጭ ኮዳ

እኔ ማሽን አልፈራም። ወፍጮ አልፈራም፤ የስፌት መኪና አልፈራም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ጠዋት አልነሣም እያለ የሚያቃስት መኪናም አልፈራም። የምፈራው ስለ ማሽን የሚያስረዳኝን ሰው ነው። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣብኝ ልንገራችሁ። ትንሽ ዞር ዞር ብዬ ነው የምደርስበት፤ መንገዱ ስለማይጠፋኝ አትሥጉ።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ወደ ማብቂያው ገደማ። እኔ ደብረ ብርሃን በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ታይፕ ያስተማረኝ ሰው የለም። የቢሮ ጽዳት ሆኜ ስሠራ፣ ጸሐፊዋ ለምሳ ስትወጣ ወንበሯ ላይ እየተቀመጥኩ ራሴ ነኝ የተማርኩት። ጸሐፊዋ አግብታ ደሴ ስትገባ እኔ ወንበሩ ላይ ነበርኩ፤ ተነሺ ያለኝ ሰው ስላልነበረ እዚያው ቀረሁ።

አንድ ቀን ከወዳጅ አገር የተላከ ነው ተብሎ ትልቅ ሣጥን መጣ። ሲከፈት ኮምፒውተር ሆኖ ተገኘ። ዘበኛችን መስታወቱን አዩና ማታ ለዜና ሰዓት በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ብዙ ጠበቁ። ዜናው ሳይመጣ ሲቀር «አንቴናው ነው» ብለው በርጩማቸውን አንሥተው ሄዱ።

ለእኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ባለሙያ እስኪመደብለት አቧራውን ጥረጊለት። ጠረግኩለት። ስጠርግ ጣቴ አንዱን ቁልፍ ነካ፤ ማሽኑ መልስ ሰጠኝ። እስኪ ደግሞ ብዬ ሌላውን ነካሁ። አብሮት የመጣውን ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ አንዱን ቃል ስፈታ ሌላው እየጠፋኝ፣ እንዲሁ ስዳክር ከረምኩ። ባለሙያው ሳይመደብ ቀረ። እኔም ከመጥረግ ወደ መሥራት ተዛወርኩ፤ የዝውውር ደብዳቤ ግን አልተጻፈልኝም።

ወደድኩት። ታይፕ ላይ የሠራ ሰው ይፍረደኝ፤ አንድ ፊደል ስትሳሳቱ በምላጭ መፋቅ፣ ከሥር ያለውን ካርቦን ገልጦ ደግሞ መፋቅ፣ ወረቀቱ ሲቀደድ ከ«ጉዳዩ» መጀመር። ይሄኛው ግን ስህተቴን ውጦ ዝም ይላል። በሕይወቴ ስህተቴን ውጦ ዝም ያለልኝ ሌላ ፍጡር አላጋጠመኝም፤ ባለቤቴን ጨምሬ ነው የምናገረው።

ማሽኑን አማርኛ ያስተማረው አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት የነበረ ታደለ የሚባል ወጣት ኢንጂነር ነው። ታደለ ጎበዝ ነው፣ ትሑት ነው፤ አንዲት ጠባይ ብቻ አለችበት። የውጭ ቃል ከአፉ አይወጣም። ያን ጊዜ ሬዲዮውም ጋዜጣውም በየቀኑ አዲስ የአማርኛ ቃል ይወልዱ ነበርና ታደለም የድርሻውን ይወልዳል። የማሽኑን ዕቃ ሁሉ የሚያዘውን፣ ቁልፉን ከመስታወቱ፣ መስታወቱን ከማተሚያው የሚያገናኘውን ትልቁን ፕሮግራም «የአሠራር ሥርዓት» ይለዋል። ሲቸኩል ደግሞ «ሥርዓቱ» ብቻ። ይህቺን «ሥርዓቱ» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ሥርዓቱ በሁለት መልክ ነው የሚኖረው ብሎ አስረዳኝ። አንደኛው ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበው ነው። ሁለተኛው ከዚያ ተሠርቶ የሚወጣ፣ ዜሮና አንድ ብቻ የሆነ፣ ከማሽኑ በቀር ማንም የማያነበው ነው። የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁሉ የሚቀዳው ከእሱ ስለሆነ፣ «የምንጭ ኮድ» አለው፤ «ኮድ»ን የሚተካ አማርኛ ገና አልወለደም ነበር። ዜሮና አንዱን «ሁለትዮሽ» አለው። እኔ ደግሞ ለራሴ እንዲገባኝ በልብስ ሰፊ ቋንቋ ገለበጥኩት። ምንጩ ማለት ሰፊው ጨርቅ የሚቆርጥበት የወረቀት ልክ ነው፤ ሁለትዮሹ የተሰፋው ቀሚስ ነው። ቀሚሱ ቢጠብ ጎኑን ተርትሮ ማስፋት ይቻላል። የወረቀቱ ልክ ካልተስተካከለ ግን የሚቀጥለውም ቀሚስ ይጠባል። ይህን በስልክ ስነግረው ታደለ «ትክክል ነው፤ ቀሚስ የሚለው ብቻ ይቅር» አለኝ።

ታደለ ፊደላችንን ማሽኑ ውስጥ ሲያስገባ፣ ሰባቱን ቤቶች አሳምሮ ደርድሮ ሲጨርስ፣ ከዳር የሚቀመጡትን ዲቃላ ፊደሎች ረሳቸው። ጓን ረሳት። ማሽኑም ጓን ሲያጣ የቅርብ ዘመዷን ጉን ይተካል።

ይህን ያህል ምን አለው ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ዘመን የደብዳቤ ሁሉ የመጀመሪያ ቃል ምን እንደነበረ አስታውሱ እንጂ። ከማሽኑ የወጣው የመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ለጉድ ምክትል ኃላፊ» ብሎ ጀመረ። ወረድ ብሎ «ከጉደኞቻችን ጋር በመመካከር» ይላል። የሰብሉ ሪፖርት ደግሞ ይባስ ብሎ «በደነባ ዙሪያ ዘንድሮ ጉያ በሰፊው ተዘርቷል፤ ጉያ ላይ የታየ በሽታ የለም» አለ። ጓያ የምትባለዋን እህል ማለቴ ነበር።

ምክትል ኃላፊያችን ጓድ ሽፈራው አስጠሩኝ። ኃላፊው ውጭ አገር ለትምህርት ስለሄዱ የመሥሪያ ቤቱ ሸክም እሳቸው ላይ ነው የወደቀው። ደግ ሰው ናቸው፤ በር ሲንኳኳ ግን ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ።

«አንቺ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጓድ ለማለት ነው፣ ጓድ።»

«ጉድ ነው የሚለው።»

«ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑን ማን ይጠይቀዋል? የሚጠየቀው የፈረመ ነው። የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ታደለ አንዲት ዲስኬት፣ ፕሮግራም የሚቀረጽባትን ቀጭን ዕቃ፣ በአውቶቡስ ላከልን። እሷ ውስጥ ያለችው፣ ታደለ «ማሻሻያ» የሚላት መሣሪያ በቀጥታ ሁለትዮሹ ውስጥ ገብታ የተበላሸውን ቦታ ብቻ ትጠግናለች፤ ተርታሪም ሰፊም ናት። ጫንኳት፤ ጓ መጣች። ጓድ ሽፈራው የመጀመሪያውን ትክክለኛ «ጓድ» ለረጅም ጊዜ አዩት።

ሰላማችን የቆየው አዲስ ማተሚያ እስኪመጣልን ነው። ማሽኑ አዲሱን ማተሚያ እንዲያውቀው ሥርዓቱን ከምንጩ እንደገና መሥራት ያስፈልግ ነበርና እኔው ራሴ፣ በሙሉ ልብ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ሠራሁት። ማተሚያው በደንብ ታወቀ። የመጀመሪያውን ወረቀት ሲያወጣ «ለጉድ ሽፈራው» አለ። ለካ ቀሚሱን እንጂ ልኩን አልነካነውም ኖሯል።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ማሽኑ ለቦታው ይጠቅማል አይጠቅምም የሚሉ ጎብኚዎች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተነገረን። ጓድ ሽፈራው እንዲህ አሉኝ፤

«ጎብኚዎቹ ፊት ጓድ ካለ ማሽኑ እዚሁ ይቀራል። ጉድ ካለ በመጣበት ሣጥን ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። አንቺም ወደ ታይፕሽ።»

«ታይፑን እኮ ለአንኮበር ቅርንጫፍ ሰጥተነዋል፣ ጓድ።»

አሰቡና «እንግዲያው ወደ መጥረጊያሽ» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያለውን ክፍት ቦታ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ከዚያ ማሽን ጋር ሰው ሆኜ ነበር፤ ከመጥረጊያው ጋር ደግሞ ማን እንደነበርኩ አውቃለሁ።

ለታደለ ደወልኩ። ያን ጊዜ የደብረ ብርሃንና የአዲስ አበባ ስልክ የሚሠራው በጩኸት ነው። እሱ ይናገራል፤ እኔ የሰማሁትን ጮኼ እደግማለሁ፤ እሱ «ልክ ነው» ይላል።

«መጀመሪያ የምንጭ ኮድ አድሱ» አለ።

«የምንጭ ኮድ አድሱ» ብዬ ጮኽኩ።

«ምንጩ ሳይታደስ ማሻሻያ እንዳትጭኑ።»

«ምንጩ ሳይታደስ ማሻሻያ እንዳንጭን።»

«መሣሪያውን ነገ በአውቶቡስ እልካለሁ። ከምንጩ እንዳይለይ።»

«መሣሪያው ከምንጩ እንዳይለይ።»

«ሥራው በሁለትዮሽ ነው። ሁለቱ እኩል ካልሄዱ ሥርዓቱ ይፈርሳል።»

እኔም ሳንባዬን ሞልቼ «ሁለቱ እኩል ካልሄዱ ሥርዓቱ ይፈርሳል» አልኩ።

ኮሪደሩ ጸጥ አለ። እኔ መስመሩ የጠራ መሰለኝ።

ግድግዳችን ጣውላ መሆኑን አልነገርኳችሁም። ከጣውላው ወዲያ ጓድ ሽፈራው ተቀምጠዋል። «ኮድ አድሱ»ን እስኪ ፈጠን አድርጋችሁ በሉት፤ «ኮዳድሱ» ይሆናል። ኮድ የሚባል ነገር ጓድ ሽፈራው ሰምተው አያውቁም። ኮዳን ግን ያላወቀ አልነበረም፤ ሚሊሺያው ሁሉ ወገቡ ላይ ውሃ ይዞባት ነበር። እናም እሳቸው የሰሙት ስለ ምንጭ፣ ስለ ኮዳና ስለ መሣሪያ ነው። «የምንጭ ኮዳ» የሚለው ትንሽ ቢያደናግራቸውም ዘመኑ የአዳዲስ ቃል ነውና፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የምንጭ ማጠራቀሚያ ገንዳን ዛሬ በዚህ ስም ሰይሞት ይሆናል ብለው ተቀበሉ።

ደግሞም ምንጭ አለን። አንኮበር፣ ከጎረቤላ ከተማ ከፍ ብሎ፣ ኮሶ ሥር የሚባል። መሥሪያ ቤታችን የሠራለት የሲሚንቶ ገንዳ ተሰንጥቆ፣ ቧንቧው ወልቆ፣ በደለል ተሞልቶ ነበር። ሰዎቹ ደጋግመው አመልክተዋል። ማመልከቻቸው የት ነው ያለ? ጓድ ሽፈራው መሳቢያ ውስጥ። እንግዲህ ሰውየው ምን ያስቡ? ከአዲስ አበባ ስልክ መጥቶ ምንጩ ካልታደሰ ሥርዓቱ ይፈርሳል ሲባል በጆሯቸው ሰምተዋል።

የክፍሌ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ፊታቸው እንደ ኖራ ነው።

«ከዋናው ነው የተደወለው?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ይፈርሳል ነው ያሉት?»

«ካላደስነው ይፈርሳል» አልኩ ፈገግ ብዬ፤ ለማሽኑ እንዲህ ማሰባቸው ደስ ብሎኝ። «ከታደሰ ግን ምንም አይነካውም። ባለፈውም የፈረሰብን ምንጩን ትተን ላዩን ስለነካካን ነው።»

«ባለፈውም?» አሉ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«ስጮኽ ሕንፃው ሁሉ ሰምቶኛል።»

ባርኔጣቸውን አጥልቀው እየተጣደፉ ወጡ። እኔ ደግሞ ጎሽ፣ ዘንድሮ ኃላፊያችን ለቴክኒክ ልብ ሰጡ አልኩ።

በማግስቱ አውቶቡሱን ለመጠበቅ ስወጣ ቀበሌ ሱቅ ሳሙና ገባ ተባለ። ያን ዘመን ያየ ሰው አይፈርድብኝም። ሳሙና ገባ ሲባል ሙሽራም ከድንኳን ወጥታ ትሰለፋለች። አውቶቡሱ መቼም በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም ብዬ ተሰለፍኩ። ያን ቀን ግን ሹፌሩን ምን እንደነካው አላውቅም፣ በሰዓቱ ገባ። ሳሙናዬን ታቅፌ መናኸሪያ ስደርስ ሹፌሩ ሻዩን ጨርሷል።

«ፖስታዬስ?»

«ጓድ ሽፈራው ወሰዱት። መነጽራቸውን ረስተው ኖሮ አንብብልኝ አሉኝ፣ አነበብኩላቸው። ‹የማሻሻያ መሣሪያ፤ ከምንጩ እንዳይለይ› ይላል። ወደዚያው ይዘውት በረሩ።»

«ወደ የት?»

«ወደ ምንጩ ነዋ። አንኮበር።»

«ምን ያደርግላቸዋል አንኮበር?»

«አንቺ ነሽ አሉ ስልኩን የተቀበልሽው፤ እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

መሥሪያ ቤት ስሮጥ ግቢው ባዶ ነው። የጭነት መኪናው ብቻ የቀረውን ዶማና አካፋ ጭኖ ሊነሣ ሞተሩን አስነሥቷል። ከመሪው የተቀመጠውን ሹፌር ልጠይቀው ስል እሱ ቀድሞ «ውጪ፣ ውጪ፣ ሁሉም ሄዷል» አለኝና ከዶማዎቹ መሐል ገባሁ። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለውን መንገድ የሄደ ያውቀዋል፤ ገብስ፣ ነፋስ፣ ገብስ፣ ነፋስ፤ ከዚያ ምድሩ ድንገት ያልቅና ጉም ይጀምራል። ዶማ ጎኔን ይወጋኛል፣ እኔ በልቤ ፖስታዬን እያሰብኩ እጸልያለሁ። ዲስኬት ማለት ቀጭን ነገር ናት፤ አቧራ አትወድም፣ ጣት አትወድም፣ ውሃማ ስሙም አይነሣባት። እሷን ነው እንግዲህ ወደ ምንጭ የወሰዱብኝ።

ስደርስ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰው ዳገቱን ሞልቶታል። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ይቆፍራል አንዱ ይዝቃል፣ አንዱ ድንጋይ ያነሣል አንዱ ይቀበላል። ሁለት ሰው የማይፈልገውን ሥራ እንኳ፣ አንዲት ቅርጫት፣ ለሁለት ይዘዋት ይሄዳሉ። አንዱን ሚሊሺያ ለምን ብዬ ብጠይቀው «ሥራው በሁለትዮሽ ነው ተብሏል» አለኝ። ከሁለት ኮሶ ዛፎች መሐል ደግሞ በቀይ ቀለም የተጻፈበት ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል፤

«የምንጩን ኮዳ ሳናድስ ማሻሻያ አንጭንም»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ፤ ከታደለ አፍ እስከ እኔ ሳንባ፣ ከእኔ ሳንባ እስከ ጣውላው፣ ከጣውላው እስከ አቡጀዲው።

አንዲት እድሜያቸው ገፋ ያለ ሴትዮ እጃቸው በጭቃ እንደተለወሰ መጥተው አቀፉኝ። እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከምንጩ ከፍ ብሎ ነው። ገንዳው ከተሰነጠቀ ወዲህ ገደሉን ወርደው ነበር ውሃ የሚቀዱት።

«አንቺ ነሽ አሉ ስልኩን የሰማሽው። ጆሮሽን ይባርከው።»

«አሜን» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ። «እትዬ፣ ጓድ ሽፈራው ይዘውት የመጡት ፖስታ የት ነው?»

«መሣሪያው? ወይ እሱስ በስንት መከራ ገባ።»

«የት ገባ?»

«ቧንቧው ላይ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ገንዳውን ጠርገው፣ ስንጥቁን ደፍነው፣ ቧንቧውን ከገንዳው ሲያጋጥሙት በመሐሉ የምትገባዋ ጎማ በስብሳ ኖሮ ውሃው ሁሉ በጎን ይፈሳል። ጓድ ሽፈራው መሣሪያው ደርሷል ብለው ፖስታውን በሰው ፊት ከፈቱት። ሁለት ጥቁር፣ ቀጫጭን፣ አራት ማዕዘን ነገሮች ወጡ። ጓድ ሽፈራው አገላብጠው አዩአቸው፤ ሊጠይቁ አይችሉም፣ ከዋናው የተላከ ነው። እትዬ አስካለ ናቸው ጠጋ ብለው «መሐሉ ቀዳዳ አለው እኮ። የቧንቧው ጎማ ነው» ያሉት። ልክ እሳቸው እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። ማሻሻያዬ በቧንቧና በገንዳ መሐል ገብታ በብሎን ተጠብቃለች።

ሮጥኩ። አየኋት፤ አንዷ ጥግ ብቅ ብላለች። አሁኑኑ ብትፈታ ከብሎን የተረፈው ደህና ሊሆን ይችላል ብዬ «ፍቱት» ልል አፌን ከፈትኩ። እዚያው ላይ ቧንቧው ሁለት ሦስት ጊዜ አጓራ፣ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ እንደ ክንድ ወፍሮ ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ አስካለ እንስራቸውን ከሥር አስጠጉና ሲሞላ ቆመው አዩት፤ ከዚያ ደፍተውት እንደገና ሞሉት። እንዲሁ ሲሞላ ለማየት ብቻ።

እኔ መጥረጊያዬ ታየኝ። ሣጥኑ ታየኝ። እንስራውም ይታየኛል። አፌን ገጠምኩና ሳሙናዬን ለእትዬ አስካለ ሰጠኋቸው፤ እጃቸውን ይታጠቡበት።

«የምትፈልጊው ይሄን ነው ልጄ?» አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው። በርበሬ ጭነው ወደ ገበያ ሲወጡ በቅሎዎቻቸውን ሊያጠጡ ቆመው፣ እንደ ሰው ሁሉ ጥንድ ተሰጥቷቸው ሲቆፍሩ የዋሉ ናቸው። ከበቅሎው ኮርቻ ከረጢት ውስጥ ፖስታውን አወጡ። ሁለተኛዋ ዲስኬት ደረቅ እንደሆነች አለች። በርበሬ በርበሬ ትሸታለች እንጂ ምንም አልሆነችም።

«ለአንድ ቧንቧ አንድ ጎማ ይበቃል ሲሉ ይቺን እኔ አነሣኋት። ኢንሻአላህ ያቺኛይቱ ስታረጅ ትቀየርበታለች ብዬ።»

ላይዋ ላይ የታደለ ጽሑፍ አለ፤ «ምንጭ»። ለካ አዲሱን ምንጭም አብሮ ልኮታል።

ጓድ ሽፈራውን ገለል አድርጌ ከአንድ ድንጋይ ኋላ ወሰድኳቸው።

«ጓድ፣ ምንጩ ይሄ ምንጭ አይደለም።»

«ታዲያ የቱ ነው?»

«ማሽኑ ውስጥ ያለው ነው።»

«ማሽኑ ውስጥ ውሃ አለ?»

«የለም። ማሽኑ የተጻፈበት ነገር ስሙ ምንጭ ነው። ኮዳም አይደለም፣ ኮድ ነው።»

ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ሥርዓቱስ?»

«የማሽኑ ሥርዓት ነው፣ ጓድ። ሌላውን ማንም አላነሣም።»

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «ባለቤቴን ልጆቹን ይዘሽ እናትሽ ጋ ሰንብቺ ብያታለሁ እኮ» አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሲስቁ ነው። ስቀው ሲጨርሱ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«እና ይሄ ሁሉ ሰው በስህተት ነው የመጣው?»

«እንዲያ መሰለኝ።»

«አይ» አሉ። «ማመልከቻቸው እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለ። በስህተትስ የቆየው እሱ ነው።» ባርኔጣቸውን አጥልቀው ተነሡ። «ማሽኑን ግን ምን እናድርገው? ጎብኚዎቹ ሊደርሱ ነው።»

ከአንኮበር ቅርንጫፋችን ለታደለ ደወልኩ፤ ያ የቀድሞ ታይፔ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ እያየኝ።

«መሣሪያዋ ጠፍታብኛለች» አልኩት።

«ምንጩስ?»

«ምንጩ አለ። እጄ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ምን አስጨነቀሽ? መሣሪያዋ አቋራጭ ናት እንጂ። አዲሱ ምንጭ ካለሽ አሮጌውን አንሥተሽ በእሱ ተኪና ሥርዓቱን እንደገና ሥሪው። ጓም እዚያው ውስጥ ናት። ለመሆኑ መሣሪያዋ የት ጠፋች?»

«ከምንጩ ጋር ናት።»

«ታዲያ አልጠፋችማ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። በርበሬ በርበሬ የምትሸተውን ዲስኬት አስገባሁ፤ ማሽኑ አጉረመረመ፣ ወሰዳት። አሮጌውን ምንጭ አነሣሁ፣ አዲሱን አስቀመጥኩ፣ ሥራ አልኩት። መሥራት ጀመረ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያለ ማሽን ፊት ሰው የሚያደርገው ነገር የለም፤ ዝም ብሎ መስታወቱን ያያል። ዘበኛችን በርጩማቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ አብረን አየን። መብራቱ ብልጭ ባለ ቁጥር ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንውጣለን። ጓድ ሽፈራው በየጊዜው በሩ ላይ ብቅ ይሉና «ተቀዳ?» ይላሉ። «እየወረደ ነው» እላቸዋለሁ። ቃሉ ከእንግዲህ ሊለቀን አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ጨረስኩ አለ። ማተሚያውን ከፍቼ አንዲት መስመር ጻፍኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ወረቀቱን ያነበቡት ጓድ ሽፈራው ናቸው፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ወንጌል፤

«ለጓድ ሽፈራው። በደነባ ዙሪያ ዘንድሮ ጓያ በሰፊው ተዘርቷል።»

ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ጎብኚዎቹ መጡ፤ ታደለም አብሯቸው መጣ። ማሽኑ ፊታቸው ጓድ አለ፣ ጓደኛ አለ፣ ጓሮ እንኳ ጨምሬበት ጓሮ አለ። «ጥሩ ነው፣ ይቀጥል» አሉ። በቃ፤ ያን ሁሉ ያየሁት ለዚህች አጭር ቃል ነው፣ ግን ከዚያች ቃል የጣፈጠ ነገር እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ከዚያ ወደ አንኮበር ወሰድናቸው።

ጎብኚዎቹ ውሃውን ሲያዩ ታደለ ግን ከአቡጀዲው ሥር ቆሞ ቀረ። ጠጋ ስል ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ስንት ዓመት ስናገር አዲስ አበባ አንድ ሰው አልገባውም ነበር» አለኝ። «ምንጩን ሳታድሱ ማሻሻያ አትጫኑ፣ ምንጩን ሳታድሱ… ይኸው አንኮበር ገብቶታል። ገበሬው ሳይቀር።»

ወደ ገበሬዎቹ ዞሮ ጠየቀኝ፤

«ይህን ሁሉ ሰው ማን አስተማረው?»

«ጓድ ሽፈራው» አልኩ።

ጓድ ሽፈራው ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታደለ ሄዶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አቡጀዲውን እንደገና አነበበና «አንዲት የፊደል ግድፈት ብቻ አለችበት፤ ኮድ ለማለት ኮዳ ብለዋል። እሷን አስተካክሏት» አለ። እሺ አልነው። አላስተካከልናትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አለፈ። የማሽኑ ሥርዓት አርጅቶ ተጣለ፤ ሌላውም ሥርዓት እንደምታውቁት ፈረሰ፤ የማናችንም ስልክ የለበትም። እኔም ሌሎች ብዙ ማሽኖች ላይ ሠራሁ፤ ዛሬ ማሻሻያ ሲመጣልኝ ከመጫኔ በፊት ቆም ብዬ «ምንጩስ?» እላለሁ፣ ልጆቹ ይስቁብኛል።

በቅርቡ አንኮበር ሄጄ ነበር። ዳገቱ ላይ ጀሪካን ያዘለች ሴት አገኘሁና ወዴት ነሽ አልኳት።

«ኮዳ» አለችኝ።

«ምን ኮዳ?»

«ኮዳ ነዋ፣ ምንጩ። እንግዳ ነሽ መሰለኝ። ይኸው እዚያ ኮሶው ሥር።»

ተከትያት ወረድኩ። ጀሪካኗን ስትሞላ እኔ ዝቅ ብዬ ቧንቧው ከገንዳው የሚገናኝበትን አየሁ። አንዲት ጥቁር ጥግ ብቅ ብላለች፣ ዳር ዳሯን የድንጋይ ሽበት አልብሷት። ጣቴን ዙሪያዋን አዞርኩ፤ ደረቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ አታፈስም። ታደለ እንዳዘዘው ነው ያለችው፣ ከምንጩ አልተለየችም።